የሚገባንና የሚሰጠን

የስፖርት ፊልም አይቶ ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ሰው አፉ ላይ ቶሎ የሚመጣለት ቃል «ይገባዋል!» የሚል ነው። ጀግናው ጎህ ሳይቀድ ሲሮጥ፣ ላቡ ሲንጠፈጠፍ፣ አፈር ልሶ ሲነሣ አይቷል። ዋንጫው እጁ ሲገባ የቆየ ዕዳ የተከፈለ ያህል የተመልካቹ ልብ ያርፋል። ያው ሰው በሌላ ቀን የፍቅር ፊልም አይቶ ሲወጣ ግን አነጋገሩ ይለወጣል። «ዕጣ ክፍሏ ነው»፣ «ድሮም የእሷ ነበር» ይላል እንጂ «ለፍታ አገኘችው» ብሎ አያደንቅም። ልጅቷ ባሏን የመረጠችው ደመወዙን ጠይቃ፣ ቁመቱን ለክታ፣ ከሌሎች ጋር አወዳድራ መሆኑን ፊልሙ ቢያሳየው እንዲያውም ቅር ይለዋል።

በዚህ ተራ በሚመስል አስተያየት ውስጥ ትልቅ ጥያቄ አለ። ሰው በሕይወቱ የሚያገኘው መልካም ነገር የልፋቱ ዋጋ ነው ወይስ የተሰጠው ስጦታ? ተመልካቹ ስለ ድል ሲሆን የልፋት ዋጋ ነው፣ ስለ ፍቅር ሲሆን ስጦታ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱንም ከልቡ ያምናል። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ጥሩ ጥሩ የስፖርትና የፍቅር ፊልሞች ታዲያ ይህን ድንበር አፍርሰውበታል። በስፖርቱ ፊልም ውስጥ ስጦታን፣ በፍቅሩ ፊልም ውስጥ ልፋትን እያሳዩት ነው።

ጥያቄው ከሲኒማ በብዙ ይቀድማል። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከብሪታንያ ወደ ሮም የመጣው ጴላግዮስ፣ ሰው በተሰጠው ነጻ ፈቃድ መልካሙን መርጦ መሥራት ይችላል፤ ለስንፍናው የሚያቀርበው ምክንያት የለውም ብሎ አስተማረ። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ተነሣበት። ለአውግስጢኖስ የሰው ፈቃድ ራሱ የታመመ ነው፤ መልካሙን ለመፈለግ እንኳ የእግዚአብሔር ጸጋ መቅደም አለበት። በ418 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የካርታጎ ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። በ431 ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የኤፌሶን ጉባኤ፣ የጴላግዮስን ተከታይ የሴለስጢዮስን ሐሳብ የሚከተሉትን ለየ።

ክርክሩ በጉባኤ ይለቅ እንጂ በሰው ልብ ውስጥ አላለቀም። የዛሬው ተመልካች በስታዲየም የጴላግዮስ ደቀ መዝሙር ነው፤ የፍቅር ፊልም ፊት ሲቀመጥ ወደ አውግስጢኖስ ይዞራል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ይህን ስሜት ከማንኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ በላይ ያጋልጠዋል። ከማለዳ ጀምሮ በፀሐይ ሲቃጠሉ የዋሉትና በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት እኩል አንድ ዲናር ይከፈላቸዋል። ምሳሌውን የሚያነብ ሁሉ፣ እውነቱን ከተናገረ፣ መጀመሪያ የሚቆጣው ከማለዳዎቹ ጋር ሆኖ ነው። የስፖርት ተመልካች ቁጣም ይኸው ነው። አሥር ዓመት የለፋው ተሸንፎ ትናንት የመጣው ሲያሸንፍ «ፍትሕ የለም» ይላል። የፍቅር ፊልም ግን ሙሉ በሙሉ የአሥራ አንደኛው ሰዓት ሰዎች ታሪክ ነው። ዘግይቶ የመጣው፣ ምንም ያልሠራው፣ ጭራሽ ያልተጠበቀው ሰው ሙሉውን ዋጋ ይዞ ሲሄድ ተመልካቹ በደስታ ያለቅሳል።

ከቀድሞ ፊልሞች ውስጥ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያነሣው በ1981 የወጣው «የእሳት ሠረገሎች» ነው። የሂዩ ሃድሰን ፊልም በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደሩ ሁለት የብሪታንያ ሯጮችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ሃሮልድ አብርሃምስ አይሁዳዊ በመሆኑ ይደርስበት የነበረውን ንቀት በእግሩ ሊመልስ የቆረጠ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ በመቶ ሜትሩ አሥር ሰከንድ ብቻ የሕይወቱን ተገቢነት ለዓለም ማስረዳት እንዳለበት ይናገራል። ኤሪክ ሊደል ደግሞ ፍጥነቱን ከፈጣሪው እንደተቀበለው አድርጎ የሚሮጥ ስኮትላንዳዊ ክርስቲያን ነው። የመቶ ሜትር ማጣሪያው እሑድ ላይ በመዋሉ አልሮጥም አለ፤ በምትኩ 400 ሜትር ሮጦ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። አብርሃምስም የመቶ ሜትሩን ወርቅ አገኘ። ሁለቱም አሸነፉ፤ ግን አንዱ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው፣ ሌላው እንደሚያመሰግን ሰው። ሊደል በኋላ ወደ ተወለደባት ቻይና በሚስዮናዊነት ተመልሶ በ1945 በጃፓኖች የእስረኞች ሰፈር ውስጥ አረፈ። ወርቁ የሕይወቱ ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ትቶት አይሄድም ነበር።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ በ1976 የወጣው «ሮኪ» የልፋት ፊልሞች ሁሉ አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ደረጃውን እየሮጠ ሲወጣ ያላየ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ በጥንቃቄ ሲታይ የሚጀምረው በልፋት አይደለም። የዓለሙ ሻምፒዮን አፖሎ ክሪድ ተጋጣሚው ተጎድቶበት፣ ሌላ ሰው ሲፈልግ፣ ከዝርዝር ውስጥ የሮኪን ቅጽል ስም ወድዶ ይመርጠዋል። ዕድሉ ከሰማይ ወረደ። መጨረሻው ደግሞ ሽንፈት ነው። ሮኪ አሥራ አምስቱን ዙር ቆሞ ጨርሶ በዳኞች ነጥብ ይሸነፋል። ውጤቱ ሲነበብ እሱ የሚሰማው ነገር የለም፤ ሕዝቡ መሐል የሚወዳትን አድሪያንን እየጠራ ነው። በአንድ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የተሠራው ይህ ፊልም የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ተመልካቹ የወደደው ከልፋቱ ጋር ተያይዞ የመጣውን፣ በልፋት ያልተገዛውን ነገር ጭምር ነበር።

የቅርቡ ዘመን የስፖርት ፊልም ይህን የሮኪን ምሥጢር ወደ ፊት አምጥቶታል።

በ2021 የወጣውንና ለዊል ስሚዝ ኦስካር ያስገኘውን «ኪንግ ሪቻርድ»ን ማየት ይበቃል። ሪቻርድ ዊሊያምስ ሴት ልጆቹ ቬነስና ሴሬና ገና ሳይወለዱ ሕይወታቸውን በዕቅድ የጻፈ አባት ነው። በካሊፎርኒያ ኮምፕተን፣ ወሮበሎች በሚውሉበት የሕዝብ ሜዳ፣ ዝናብ ሳይል ያሠለጥናቸዋል። ከዚህ በላይ የልፋት ታሪክ ከየት ይመጣል? ሆኖም አዘጋጁ ሬናልዶ ማርከስ ግሪን ፊልሙን በዊምብልደን ድል አልዘጋውም። መጨረሻው በ1994 በኦክላንድ የተካሄደው ውድድር ነው። የ14 ዓመቷ ቬነስ በጊዜው በዓለም ቁንጮ ላይ ከነበሩት ከአራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮ ጋር ገጥማ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 አሸነፈች፤ በሁለተኛውም 3 ለ 1 መራች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ጌም በተከታታይ ተሸነፈች። ከሜዳ ስትወጣ ውጭ የሚጠብቋት ሰዎች በጭብጨባ ይቀበሏታል፤ አባቷም ካሸነፈች ቀን ባልተናነሰ ይኮራባታል።

ይህ መጨረሻ ትክክል የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው። አባትየው ልጁን የሚወዳት ስላሸነፈች ከሆነ ዕቅዱ ሁሉ ጨካኝ ነው፤ ሳታሸንፍም የሚወዳት ከሆነ ግን ዕቅዱ የፍቅር ሥራ ይሆናል። ፊልሙ ይህን የሚለየው በሽንፈት ብቻ ነው።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ በ2023 የወጣውን የሾን ዱርኪንን «ዘ አይረን ክሎው» ይመልከት። ፊልሙ በቴክሳስ የነበሩትን የፎን ኤሪክ ትግል ተወዳዳሪ ወንድማማቾች እውነተኛ ታሪክ የሚከተል ነው። አባታቸው ፍሪትዝ ገበታ ላይ ተቀምጦ የትኛውን ልጁን አስበልጦ እንደሚወድ በተራ ይዘረዝራል፤ ተራው ግን በሥራቸው ሊለወጥ እንደሚችል ይነግራቸዋል። የአባት ፍቅር የደረጃ ሰንጠረዥ ሆነ። ለዓለም ሻምፒዮናው ከሁለቱ ልጆች ማን ይግጠም የሚለው ደግሞ በሳንቲም ውርወራ ይወሰናል። ልጆቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። በእውነተኛው ታሪክ ዴቪድ በ1984፣ ማይክ በ1987፣ ክሪስ በ1991፣ ኬሪ በ1993 ሞተዋል፤ በልጅነቱ የሞተውን የመጀመሪያ ልጅ ጨምሮ ከስድስቱ ወንድማማቾች የቀረው ኬቨን ብቻ ነው። ሰፈሩ መርገም አለባቸው ይል ነበር። ፊልሙ ግን መርገሙን ከሰማይ አይፈልገውም፤ እዚያው ገበታ ላይ፣ በአባትየው ዝርዝር ውስጥ ያሳየዋል። ፍቅር በውጤት የሚገኝ ነገር ሲሆን ልጅን ይገድላል። በቅርብ ዓመታት ከወጡት የስፖርት ፊልሞች ይህን የሚያህል ከባድ እውነት የተናገረ ጥቂት ነው።

አሮጌው ዓይነት ፊልም ግን አልሞተም። በ2025 ክረምት የወጣው የጆሴፍ ኮሲንስኪ «ኤፍ ዋን» በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ብራድ ፒት የሚጫወተው ሰኒ ሄይስ የተረሳ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነው፤ ተመልሶ መጥቶ ደካማውን ቡድን ያነሣል፣ ከቡድኑ የቴክኒክ ኃላፊ ከኬት ጋር ይዋደዳል፣ በመጨረሻም ያሸንፋል። ብዙ ተመልካች «ድሮ እንደምናውቀው ዓይነት ፊልም» ብሎ ወድዶታል፤ ለመውደዱም በቂ ምክንያት አለው። አሸናፊነቱ የመጣበትን መንገድ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። በአቡ ዳቢው የመጨረሻ ዙር ሰኒ መንገድ የሚከፍተው ለወጣቱ ባልደረባው ለጆሹዋ ፒርስ ነው። ፒርስና ሉዊስ ሃሚልተን ተጋጭተው ሲወጡ ድሉ ለሰኒ ይቀርለታል። ለሌላው ሲል የለቀቀው ነገር ተመልሶ መጣለት። እጅግ ውድ የሆነው የልፋት ፊልም እንኳ ጀግናውን ያለ ስጦታ ሊያሸንፍ አልደፈረም።

ከፊልም ውጭ ያለው ሩጫም ይህንኑ ይመሰክራል። በመስከረም 2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ 27:18.20 በ27:18.29። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ልዩነቱ የዓይን ጥቅሻ አይሞላም። ቴርጋት ከኃይሌ ያነሰ ለፍቷል የሚል ማን ነው? ስለ ኃይሌ ሕይወት በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም በአሰላ አካባቢ ያደገውን ልጅ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት የሚደርሰውን፣ ከእርሻ ሥራው ጋር ያሳያል። የደጋው ቀጭን አየር፣ የትምህርት ቤቱ ርቀት፣ ሲሮጥ ደብተር የሚይዝበት ክንዱ፣ ከእሱ በፊት የሮጡት እነ ምሩፅ ይፍጠር፣ አንዳቸውንም ኃይሌ አልሠራቸውም። እሱ የሠራው በተሰጠው ላይ ነው፤ የሠራውም ማንም የማይክደው ታላቅ ሥራ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው ስለ ፍትሕ በሚናገረው ታዋቂ መጽሐፉ ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ገፍቶታል። ሰው ከተፈጥሮ ያገኘውን ተሰጥኦ በብቃቱ አላገኘውም፤ ለመልፋት የሚያስችለው ጠባይ እንኳ በአብዛኛው ከቤተሰቡና ከአስተዳደጉ የመጣ ነው ይላል። ብዙዎች በዚህ ይቆጣሉ። ልፋት ራሱ ስጦታ ከሆነ ለሰነፍና ለትጉህ ምን ልዩነት አለ? ቁጣው ተገቢ ነው፤ ሮልስ ሰውን ከሥራው እጅግ አርቆታል። የአገራችን ምእመን የሚኖርበት መንገድ ከሁለቱም ጠርዞች ይሻላል። ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ሰው ጾሙን ጨርሶ «እንግዲህ ይገባኛል» አይልም፤ ምሕረት ይለምናል። ሙስሊሙም ሰበቡን ያደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለአላህ ይተወዋል። ማንኛቸውም በምሕረት ስለሚያምኑ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ ስለሚደክሙም ምሕረትን እንደ ደመወዝ አይጠይቁም።

ወደ ፍቅሩ ፊልም ስንሻገር ያው ጉዳይ ተገልብጦ ይመጣል።

የሴሊን ሶንግ የመጀመሪያ ፊልም «ፓስት ላይቭስ» በ2023 ሲወጣ ምርጥ ፊልም ለሚባለው ኦስካር ታጭቶ ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው በኒው ዮርክ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ሴት በሁለት ወንዶች መሐል ተቀምጣለች፤ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ከማዶ ሆነው «እነዚህ ምን ይሆናሉ?» እያሉ ይገምታሉ። ኖራ በ12 ዓመቷ ከሴኡል ወደ ካናዳ የተሰደደች ጸሐፊ ናት። ሄ ሰንግ በልጅነቷ የምትወደው፣ ከ24 ዓመት በኋላ ሊያያት የመጣ ሰው ነው። አርተር ባሏ ነው። ኮሪያውያን ሁለት ሰዎች ለመጋባት በስምንት ሺህ ሕይወት ውስጥ ስምንት ሺህ ጊዜ ተነካክተው መሆን አለበት የሚል እምነት እንዳላቸው ፊልሙ ይነግረናል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ የአርባ ቀን ዕድልን ያስባል። ቆጠራው ይለያያል፤ ትዳር ሳይመረጥ አስቀድሞ ተጽፏል የሚለው መጽናኛ አንድ ነው።

ተመልካቹ እንደ ልማዱ ዕጣዋ ከልጅነት ፍቅረኛዋ ጋር ነው ብሎ ይጠብቃል። ፊልሙ ግን ዓይኑን ወደ ባልየው ይመልሳል። አርተር አልጋ ላይ ሆኖ ፍርሃቱን ይናገራል። የተገናኙት በአጋጣሚ ነው፤ በዚያው ሰሞን ሌላ ጸሐፊ አግኝታ ቢሆን ኖሮ አሁን አጠገቧ የሚተኛው ያ ሰው አይሆንም ነበር ወይ? ዕጣ የለውም፤ በልጅነቷ አላወቃትም። ያለው አንድ ነገር ነው። ኖራ በእንቅልፏ ስትናገር በኮሪያኛ ብቻ ስለምትናገር፣ እሱ የማይገባባት ቦታ በውስጧ እንዳለ ስላወቀ፣ ቋንቋዋን እየተማረ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ እንደ ስፖርተኛ የሚለማመደው ሰው እሱ ነው። በመጨረሻ ኖራ ሄ ሰንግን ሸኝታ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ስለ ሌላ ሰው የምታለቅሰውን ለቅሶ ደረቱ ላይ ታለቅሳለች። በዕጣ የሚገኝ ፍቅር ይህን መሸከም ይችል እንደሆነ ያጠራጥራል።

ሶንግ በ2025 ያወጣችው «ማቴሪያሊስትስ» ደግሞ ልፋትን ሳይሆን ብቃትን፣ ማለትም ሰውን በመስፈርት መመዘንን፣ ወደ ፍቅር ስናስገባ ምን እንደሚደርስ ይመረምራል። ዳኮታ ጆንሰን የምትጫወታት ሉሲ በኒው ዮርክ በክፍያ ሰዎችን የምታጣምር ባለሙያ ናት፤ ሶንግ ራሷም በወጣትነቷ ይህን ሥራ ሠርታበታለች። ደንበኞቿ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ገቢ፣ የፀጉር ብዛት እየጠቀሱ ያዛሉ። ፔድሮ ፓስካል የሚጫወተው ሃሪ ሀብታም፣ ቁመናማና ጨዋ ነው፤ በሙያው አነጋገር ምንም እንከን የማይወጣለት። ቁመቱን ያገኘው ግን የእግሩን አጥንት በቀዶ ጥገና አስረዝሞ ነው። በገበያው ለማሸነፍ አጥንቱን ያሰበረ ሰው ማለት ነው። የልፋትን እምነት ወደ ፍቅር ያለ ገደብ ያስገባ ሁሉ መድረሻው እዚህ ነው። ሉሲ የምታጣምራት ሌላ ሴት ደግሞ በወረቀት ላይ እንከን ከሌለበት ሰው ጋር ወጥታ ጥቃት ይደርስባታል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሰውየው ግን በቁጥሩ ውስጥ አልነበረም።

ሉሲ በመጨረሻ የምትመርጠው ክሪስ ኢቫንስ የሚጫወተውን ጆንን፣ ገንዘብ የሌለውን ተዋናይ ነው። በዚህ ብዙ ተመልካች ተከፍሏል። አንዳንዱ ድህነትን ማስዋብ ነው ብሎ ነቅፎታል፤ አንዳንዱ ፊልሙ ከጀመረው ብርቱ ጥያቄ ሸሽቶ ወደ ድሮው ተረት ገባ ብሏል። ሁለተኛው ነቀፌታ ውስጥ እውነት አለ። ጆን ከሉሲ ጋር ስለ ገንዘብ የተጣሉባቸውን ዓመታት በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያልፍ ፊልሙ አላሳየም፤ አርተር ቋንቋ ሲማር እንዳየነው ጆን ምን እንደሚማር አላየንም። ስጦታውን አሳይቶ ሥራውን ዘለለው። ነገር ግን የመጀመሪያው ነቀፌታ ከባድ ስሕተት ነው። ድሃ ሰው ለመወደድ መብት የለውም የሚል ፍርድ ሳይታወቀው ይሰጣል፤ በገበታ ላይ ልጆቹን በደረጃ ከሚዘረዝረው አባትም ብዙ አይርቅም።

የሴሊን ሶንግ ባለቤት ጀስቲን ኩሪትዝከስም የፊልም ጸሐፊ ነው። እሷ ስለ ፍቅር በጻፈችባቸው ዓመታት እሱ የጻፈው ስለ ቴኒስ ነበር፤ በሉካ ጓዳኒኖ አዘጋጅነት በ2024 የወጣው «ቻሌንጀርስ» የእሱ ነው። ሁለቱም አንዲት ሴትንና ሁለት ወንዶችን አስቀመጡ። በዚህኛው ፊልም ዜንዳያ የምትጫወታት ታሺ በጉዳት ሜዳውን ያጣች ድንቅ ተጫዋች ናት። ሁለቱን ጓደኛሞች አርትንና ፓትሪክን የምትመዝነው በራኬታቸው ነው፤ ፍቅሯ ከሞላ ጎደል ለአሸናፊው የሚሰጥ ሽልማት ሆኗል። በኒው ሮሼል ትንሽ ውድድር ሁለቱ በመጨረሻ ይገጥማሉ። ፊልሙ ግን ማን እንዳሸነፈ ሳያሳይ ያልቃል፤ አርት መረቡን ዘልሎ በፓትሪክ እቅፍ ይወድቃል፣ ታሺም በወጣትነቷ ሜዳ ላይ እንደምትጮኸው ትጮኻለች። ብዙ ሰው «ታዲያ ማን አሸነፈ?» እያለ ተናድዶ ወጥቷል። መናደዱ ፊልሙ ሊያሳየው የፈለገውን ነገር ያመለክታል። ሦስቱም ለዓመታት ውጤት ሲቆጥሩ ኖረው ያጡት ጨዋታውን ራሱን፣ እርስ በርስ የሚሰጣጡትን ነገር ነበር፤ ውጤቱ ቢነገር ተመልካቹም እንደ እነሱ መቁጠሩን ይቀጥል ነበር።

ልፋትንና ስጦታን አንድ ላይ ይዞ መኖር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከአበበ ቢቂላ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2:15:16፣ በ1964 በቶኪዮ 2:12:11 ሮጦ ሁለቱንም ማራቶን አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ2009 ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት «አትሌቱ» ፊልም ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ ያቀረበችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ፊልሙ በሮም ድል ላይ አላቆመም። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲወረውር፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ ሲወዳደር ያሳያል። ከአደጋው በኋላ ተናገረው ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው ቃል መንፈሱ ይህ ነው፦ ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እጅ ተቀብሏል። ድሉን በልፋቱ ብቻ ያገኘው ቢመስለው ኖሮ አደጋውን እንደ ቅጣት ወይም እንደ ዘረፋ ይቆጥረው ነበር። ድሉን እንደ ስጦታ ስለተቀበለ ግን ከወገቡ በታች የማይታዘዝ ሰውነት ይዞም እንደገና ለመወዳደር ወጣ። ስጦታን ማመን ከሥራ አላስተኛውም፤ ከሽንፈት በኋላ ለመሥራት አቅም የሰጠው እሱ ነው።

ይህን ጉዳይ ኢትዮጵያውያን የፊልም ሠሪዎች በእጃቸው ይዘው እስካሁን ብዙ አልነኩትም። የአማርኛ ሲኒማ በአብዛኛው የፍቅርና የፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ሯጮች ያሉባት አገር የስፖርት ልብ ወለድ ፊልሟ ጥቂት ነው። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ስላፈራችው በቆጂ እንኳ ሰፊ ዕውቅና ያገኘው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተሰኘው የ2012 ዘጋቢ ፊልም የብሪታንያዊው የጄሪ ሮትዌል ሥራ ነው። ዘጋቢው ያተኮረው በሩጫ ሕይወታቸውን ለመለወጥ በሚጥሩ ልጃገረዶች ላይ ነው፤ ምርጫው ትክክል ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። በኢትዮጵያ አራተኛ የሚሆነው ሯጭ በሌላ አገር ማልያ ቢሆን ባንዲራ ይዞ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን ቤቱ ይቀራል። እንደ ሦስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቷል፣ እንደ ሦስቱ እንጦጦን ወጥቷል። «ይገባዋል» የሚለው ቃል ለሱ ምን ይሠራለታል? ውጤት ሳይመጣም ስንቅ የምትቋጥርለት፣ ጫማውን የምታጥብለት፣ ቤት የምትጠብቀው ሴት ስለምን ትወድደዋለች?

የልፋቱም የፍቅሩም ጥያቄ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ይገናኛል፤ የስፖርት ፊልምም የፍቅር ፊልምም መሆን ይችላል። ተመልካቹ እንዳሸነፈ ሳያይ እንዲወድደው፣ ስትወድደውም ዕጣ ብቻ አለመሆኑን እንዲያይ የሚያደርግ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሊጽፈው የሚነሣ ደራሲ አንድ ማለዳ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ በቆጂ ወጥቶ ከሯጮቹ ጋር ቢውል፣ ባለታሪኩን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።